ውይይት

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ዘመን «ውይይት» የምትባል ታክሲ ነበረች። የጭነት ቦታዋ ተሸፍኖ፣ ግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበር የተዘረጋላት ትንሽ መኪና ስትሆን፣ ተሳፋሪዎቿ ፊት ለፊት ተፋጥጠው፣ ጉልበታቸው እየተነካካ ይጓዙባት ነበር። ስሟንም ያገኘችው ከዚሁ አቀማመጥ ነው። ዘመኑ በየመሥሪያ ቤቱና በየቀበሌው «ውይይት» እየተባለ ስብሰባ የሚጠራበት ነበርና፣ ሕዝቡ የስብሰባውን ስም ወስዶ ለታክሲዋ ሰጣት። በስብሰባው ላይ አስቀድሞ ለተወሰነ ነገር ይጨበጨብ ነበር። በታክሲዋም ውስጥ ቢሆን ሰው ቃሉን መርጦ ነበር የሚናገረው። ያም ሆኖ ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ቢያንስ ዓይን ለዓይን ይተያያል።

ይህችን ታክሲ በወጣትነታቸው ያሽከረከሩ አንድ አዛውንት ዛሬም ከመሪው አልተለዩም። ውይይት ከጎዳና ስትጠፋ ወደ ሚኒባስ ተሸጋገሩ። አሁን የያዟትን ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ የገዟት በዕቁብና በባለቤታቸው የአንገት ወርቅ ነው። አምስት ልጆች ያደጉት፣ የሁለቱ ሠርግ የተደገሰው፣ የአንዷም የናይሮቢ ጉዞ የተሸፈነው ከእሷ ገቢ ነው። የመኪናዋ ሊብሬ ከቤቱ ካርታ ጋር በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጣል፤ ቆርቆሮውም ከአልጋው ሥር። በዚያ ቤት ውስጥ ቅርስ ተብሎ ሊቆጠር የሚችል ነገር ቢኖር እነዚህ ሁለት ወረቀቶች ናቸው።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ቡና ተፈልቶ ሳለ፣ የመጨረሻው ልጃቸው ያንን ቆርቆሮ የሚያስከፍት አሳብ ይዞ መጣ።

«አባዬ፣ ሚኒባሷን እንሽጣትና የኤሌክትሪክ እንግዛ። ቀሪውን በብድር እንሞላዋለን።»

አዛውንቱ ሲኒያቸውን አስቀመጡ እንጂ ወዲያው አልመለሱም። ልጁ ግን ተዘጋጅቶ ነበር የመጣው። በወረቀት ላይ የቀን ነዳጅ፣ የወር ዘይት፣ የፊልትሮና የካንዴላ ወጪ አንድ በአንድ ጽፏል። በ2014 ዓ.ም. ክረምት መንግሥት የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ከጀመረ ወዲህ ዋጋው በየጊዜው ወደ ላይ ብቻ ነው የሄደው። በ2017 ዓ.ም. የገና ሰሞን አንድ ሊትር ቤንዚን ከ100 ብር አለፈ። ለሕዝብ ማመላለሻ የተተወው ድጎማም ቢሆን ሰልፉን አላስቀረም፤ ከማደያው በር እስከ ዋናው መንገድ በተዘረጋ ወረፋ ላይ የሚባክነውን ግማሽ ቀን ማንም አይደጉመውም። የልጁ ስሌት በቁጥር ደረጃ እንከን አልነበረበትም።

የመንግሥትም ስሌት በመሠረቱ የዚሁ የልጁ ወረቀት ግልባጭ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ ሪፖርት ሲያቀርቡ፣ ከእንግዲህ ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቁ። በዓለም ላይ ይህን የመሰለ እገዳ ቀድማ የጣለች አገር ኢትዮጵያ ሆነች። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሎ ነበርና፣ በሩ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ መጥበብ ይዞ ነበር። በአንጻሩ የኤሌክትሪክ መኪኖች ከተጨማሪ እሴት፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ ተደረጉ።

የውሳኔው ምክንያት ከአውሮፓው ይለያል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2035 እ.ኤ.አ. በኋላ ጭስ የሚያወጣ አዲስ መኪና እንዳይሸጥ ሲወስን የተነሣው ከአየር ንብረት ሥጋት ነው፤ ከጸደቀም በኋላ የአምራቾችና የፖለቲከኞች ክርክር አልበረደም። በዓለም ጭስ ላይ የኢትዮጵያ ድርሻ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ያስጨነቀው የዶላር እጥረት ነበር። አገሪቱ በዓመት በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር እያወጣች ነዳጅ ትገዛለች፤ የምትገዛውም ነዳጅ በአብዛኛው ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ፣ በቦቴ ተጭኖ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ ወደ ደጋው አቀበት ይወጣል። ነዳጅ ለማምጣት ነዳጅ ይቃጠላል። በሌላው ወገን ደግሞ ከአገሪቱ የኤሌክትሪክ ኃይል ዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው ከውሃ ይመነጫል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። በገዛ ወንዝ መጓዝ እየተቻለ በሰው ዘይት መጓዝ ለምን? ለዚህ ጥያቄ የሚሆን የተቃውሞ መልስ ማግኘት ይቸግራል።

አዛውንቱም ቢሆኑ በዚህ ላይ ክርክር የላቸውም። የነዳጅ ዋጋ መንግሥትን ሲያንገዳግድ በልጅነታቸው አይተዋል። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የአሥራ ሦስት ዓመት ተማሪ ነበሩ። በዚያን ቀን መምህራን ሥራ አቁመው ስለነበር ትምህርት ቤት ዝግ ሆነ፤ የታክሲ ነጂዎችም የቤንዚን ዋጋ በግማሽ ያህል መጨመሩን ተቃውመው ስለቆሙ በከተማው ታክሲ ጠፋ። አጎታቸው ሰይቼንቶ ታክሲውን ግቢ ውስጥ አቁሞ ቀኑን ሙሉ ሲያጥባት ዋለ። ልጅየው መኪና ለምን ያለ ሥራ እንደሚታጠብ አልገባቸውም ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በቀናት ውስጥ ዋጋው እንዲቀንስ አደረጉ፤ ይሁንና የተነሣው ነገር በቤንዚን ዋጋ የሚመለስ አልነበረም። በዚያው ዓመት መስከረም ከመጥባቱ በፊት ስንት ነገር ተገለባበጠ። ከዚያ ወዲህ አዛውንቱ ስለ ነዳጅ የሚወጣ ማስታወቂያ በሰሙ ቁጥር ያቺ ስትታጠብ የዋለች ሰይቼንቶ ትታወሳቸዋለች።

«ስሌትህ ልክ ነው» አሉት ልጃቸውን በመጨረሻ። «ግን ባቡሩም ሲመጣ ስሌቱ ልክ ነበር።»

ባቡሩ ያሉት የከተማውን ቀላል ባቡር ነው። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አዛውንቱ ሚኒባሳቸውን አቁመው ለማየት ሄደዋል። 475 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት፣ 34 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ የሚዘልቅ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ ጭስ የሌለው ባቡር። ገበያችንን ሊወስድብን ነው ብለው የፈሩ ባልደረቦቻቸው ነበሩ፤ እሳቸው ግን ለከተማው ድሃ ደስ ብሏቸው ነበር። ታዲያ ከ41ዱ ባቡሮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በጥቂት ዓመታት ውስጥ በመለዋወጫና በጥገና እጦት ቆሙ። ሐዲዱ አለ፣ ጣቢያው አለ፣ ሰልፉም አለ፤ የጎደለው ከውጭ በዶላር የሚገዛ ዕቃ ነበር። ዶላር ለማዳን የመጣው ማሽን በዶላር እጥረት ቆመ። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀውና በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡርም 750 ኪሎ ሜትር ያህል ተዘርግቶ ሳለ፣ አብዛኛው ጭነት ከጎኑ ባለው አስፋልት ላይ በከባድ መኪና መጓዙን ቀጠለ።

የአዛውንቱ ሥጋት ግን በአገር ጉዳይ ላይ ብቻ አልቆመም። እሳቸው መኪና የሚያውቁት በጆሮ ነው። ቫልቭ ሲላላ፣ ቤሪንግ ሲበላ፣ ቤንዚን ሲደባለቅ፣ ሞተሩ ራሱ ይነግራቸዋል። ጋራዥ ሲገቡ ለመካኒኩ ሕመሙን ተናግረው ነው። ድምፅ የሌለውን መኪና ምን ብለው ያደምጡታል? ሲታመም ሊያክመው የሚችለውስ ማን ነው? አርባ ዓመት የተጠራቀመ እውቀት በአንድ ማስታወቂያ ዋጋ ሲያጣ፣ ጉዳቱ በየትኛውም ሪፖርት ላይ አይመዘገብም። መርካቶ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ የሚሸጠው ነጋዴ፣ ጨርቅ ይዞ መኪና ሥር የሚተኛው የጋራዥ ልጅ፣ ሁሉም በዚያው ጆሮ ነው የሚበሉት። እገዳው በመንገድ ላይ ያሉትን መኪኖች አይነካም፤ ዕድሜያቸው ሲያልቅ የሚተካቸው ግን እነሱን የሚመስል አይሆንም።

እስከዚህ ድረስ ባለቤታቸው ቡናውን ከመቅዳት በቀር አልተናገሩም ነበር። ሦስተኛውን ጀበና ጥደው ሲመለሱ ግን አባትና ልጁ ያላሰቡትን ጠየቁ።

«መብራት ሲሄድስ?»

በቤቱ ውስጥ ስለ ኤሌክትሪክ ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ የለም። ከማገዶ ወደ ኤሌክትሪክ ምጣድ የተሻገሩት ዛሬ መንግሥት ስለ ታዳሽ ኃይል ከመናገሩ ብዙ ዓመት አስቀድመው ነው። ጭሱ ከዓይናቸው ላይ የተነሣላቸውን ቀን ያመሰግኑታል። ነገር ግን ቀን ቀን ኃይሉ ስለሚደክም እንጀራ የሚጋግሩት ሌሊት ነው። ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ ምጣዱ ግሎ፣ ሁለተኛው እንጀራ ላይ መብራት ሲጠፋ የሚሰማቸውን ያውቁታል። አንዴ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጥሎ የቡኮ ሙሉ ሊጥ ለጎረቤት ከብት ተሰጥቷል። ሊጥ ነውና ሌላ ይቦካል። የአምስት ቤተሰብ እንጀራ የሚያመጣ መኪና ግን ባዶ ባትሪ ይዞ ግቢ ውስጥ ቢቆም በምን ይቦካል?

ልጁ መኪናውም የሚሞላው ሌሊት እንደሆነ ነገራቸው። እሳቸውም መልሰው፣ «እንግዲያ እኔና መኪናህ በአንድ ቆጣሪ ልንጣላ ነዋ» አሉ። ተሳቀ፤ ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። የአንድ መንደር መስመር ለምጣድና ለአምፖል የተዘረጋ ነው። በየግቢው መኪና ሲሰካበት ይሸከም ይሆን? ሕዳሴ ግድብ ላይ የሚመነጨው ኃይል ጉባ ላይ ሞልቶ ቢትረፈረፍም፣ ወደ ቤት የሚገባው በዚያው ባረጀው የመንደር ሽቦ ነው። የግድቡ ምረቃ በቴሌቪዥን ሲታይ አልቅሰዋል፤ ከደሞዝና ከዕቁብ ተቆርጦ የተገዛው ቦንድ የእሳቸውም ነውና። ያን ያህል የተዋጣለት ውሃ ከሰፈራቸው ምሰሶ ላይ ደርሶ ሲሰናከል ማየት ለእሳቸው የፖለቲካ ጥያቄ ሳይሆን የቤት ጥያቄ ነው። ከአገሪቱም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ እንኳን መኪና ሊሰካ አምፖል የሚያበራበት መስመር ገና አልደረሰውም።

በዚያው ሰዓት ከናይሮቢ የሴት ልጃቸው ስልክ ገባ። የክርክሩን ፍሬ ነገር ስትሰማ ሳቀች። እሷ የምትሳፈርባቸው ቦዳ ቦዳ ሞተር ብስክሌቶች አንዳንዶቹ ኤሌክትሪክ ሆነዋል። ነጂው ባትሪው ሲያልቅበት ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ ጣቢያው ገብቶ እንደ ጋዝ ሲሊንደር ባዶውን ሰጥቶ የሞላውን ይዞ ይወጣል። ኬንያም ኃይሏን በአብዛኛው የምታገኘው ከኦልካሪያ የከርሰ ምድር እንፋሎት፣ ከውሃና ከነፋስ ነው። ከዚህም በላይ ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ አቋርጦ ሱስዋ በሚደርሰው መስመር ከኢትዮጵያ ኃይል ትገዛለች። ጅቡቲም ከዚያ በፊት ጀምራ ትገዛለች።

«ስለዚህ እማዬ፣ እኔ እዚህ የምሳፈረው በኦሞ ውሃ ሊሆን ይችላል» አለች።

«አንቺ ጋ ደርሶ እኔ ጋ ይጠፋል» አሉ እናት።

ቃሉ የምሬት ቢመስልም ፍርድ አልነበረም። ኃይል መሸጥ የውጭ ምንዛሪ ያመጣል፤ በሽያጩም አገር ይጠቀማል። ነገር ግን የኃይል ሽግግር የሚባለው ነገር በአንድ ጊዜ ስንት ደጃፍ እንደሚያንኳኳ ከዚያች አንዲት አባባል በላይ የሚያስረዳ የለም። ጎረቤቶችም መንገዳቸው ለየቅል ነው። ሩዋንዳ ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኪጋሊ ለሕዝብ ማመላለሻ የሚመዘገቡ አዳዲስ ሞተር ብስክሌቶች ኤሌክትሪክ ብቻ እንዲሆኑ ስትወስን፣ በሥራ ላይ ያሉትን ነባሮች አልነካችም፤ ሠራተኛው ያለው እስኪያልቅ ይሠራበታል። በኬንያ ደግሞ የ2024 እ.ኤ.አ. የፋይናንስ ረቂቅ ሕግ በመኪኖች ላይ ዓመታዊ ግብር ይጥል ነበር። አንቀጹ በተቃውሞ ምክንያት ወጣ፤ ሰኔ ላይ ወጣቶች አደባባይ ከወጡና ደም ከፈሰሰ በኋላ ደግሞ ረቂቁ እንዳለ ተሻረ። ፊት ለፊት ተቀምጦ ያልተባለ ነገር አደባባይ ላይ ይባላል፤ ዋጋውም የዚያኑ ያህል ይከብዳል። አጎትየው ሰይቼንቶዋን ሲያጥብ የዋለበት ቀን ያስተማረው ይህንኑ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ክርክር የለም ማለት አይደለም። አለ፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚካሄደው ጎን ለጎን ነው። ባለሥልጣኑ ስለ ዶላር፣ ነጋዴው ስለ ቀረጥ፣ ምሁሩ ስለ አየር ንብረት፣ ሹፌሩ ስለ ወረፋ ይናገራል፤ ሁሉም ወደ ፊት እንጂ ወደ እርስ በርሱ አይመለከትም፤ ልክ እንደ ሚኒባስ ተሳፋሪ። ውሳኔው ትክክል መሆኑ ብቻውን አይበቃም። ትክክል የሆነ ነገር የሚከብደው ማን ላይ እንደሆነ፣ ሸክሙስ እንዴት እንደሚከፋፈል ሳይነጋገሩ ከተጀመረ፣ ጥሩነቱ ራሱ በሰው ዘንድ ይጠላል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጁ ከጓደኛው የኤሌክትሪክ መኪና ተውሶ መጣ፤ አባቱንም ከመሪው ላይ አስቀመጣቸው። አዛውንቱ ከስድስት ኪሎ ተነሥተው፣ ሽሮ ሜዳን አልፈው፣ ወደ እንጦጦ ወጡ። በወጣትነታቸው ያችን አቀበት በአንደኛ ማርሽ እያቃሰቱ፣ ራዲያተር እያፈሉ ነበር የሚወጧት። አሁን መኪናው ያለ አንዳች ድምፅ ሽቅብ ወጣ። የበለጠ ያስገረማቸው ግን መመለሻው ነው። ለሹፌር ቁልቁለት ፍሬን የሚበላ ጠላት ነው። በዚህ መኪና ግን ሲወርዱ ሞተሩ ራሱ ጎማውን እየያዘ ኃይል ያመነጫል፤ በሰሌዳው ላይ የባትሪው ቁጥር በመቀነስ ፈንታ ጥቂት ጨመረ። አዛውንቱ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አዩት።

«ቁልቁለት ሲከፍል አይቼ አላውቅም» አሉ። ቀጥለውም፣ «ጆሮዬን እንደሆነ በሌላ ነገር እለምደዋለሁ» አሉ።

በዚያ ምሽት ሦስቱም እንደገና ተቀመጡ፤ በአጋጣሚ ይሁን ታስቦበት ፊት ለፊት ነበር የተቀመጡት። በልጁ ወረቀት ጀርባ ላይ አዲስ ነገር ተጻፈ። አንደኛ፣ የአዲሱ መኪና ሊብሬ በእናትና በአባት ስም ይሆናል። ሁለተኛ፣ በመጋገሪያ ሌሊት ምጣዱ ይቀድማል፤ መኪናው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይሰካል። ሦስተኛ፣ መብራት ሁለት ቀን በተከታታይ ቢጠፋ የሚሞሉበት ጣቢያ የት እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ዋጋውም ይጠየቃል። አራተኛ፣ ከመኪናው ዋጋ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ባትሪ ስለሆነ፣ ሻጩ ለስንት ዓመት እንደሚያስተማምን፣ ቢበላሽ ማን እንደሚያድስ በጽሑፍ ይሰጣል። አምስተኛውን ያስጻፉት አዛውንቱ ናቸው፤ ልጁ የኤሌክትሪክ መኪና ጥገና የሚያስተምር ቦታ ፈልጎ ይማራል፤ የጋራዡንም ልጅ ይዞት ይሄዳል።

አምስቱም ነጥቦች ለአንድ ቤት የተጻፉ ናቸው። ይሁንና ማን ባለቤት ይሆናል፣ ማን ይቀድማል፣ ሲቋረጥ ምን ይደረጋል፣ ሲሰበር ማን ይከፍላል፣ የአሮጌው ሙያ ባለቤቶች የት ይገባሉ የሚሉት ጥያቄዎች ከቤት ወጥተው ወደ ምክር ቤት ቢሄዱ ቃላቸው ብዙም አይለወጥም።

አራቱ ነጥቦች መስመር ይዘዋል። የቀረው የባትሪው ነው። ሻጩ በቃሉ «ምንም አይሆንም» ብሏል፤ በወረቀት ግን አልሰጠም። አዛውንቱም በቃል የሚታመን ነገር በዘመናቸው ብዙ ሰምተዋልና አልቸኮሉም። «ወረቀቱ ሲመጣ ቆርቆሮው ይከፈታል» ብለዋል። ልጁ ይህን ጊዜ አላኮረፈም፤ እሱም አሁን ወረቀቱን ይፈልገዋል።

እስከዚያው ድረስ ሰማያዊና ነጯ ሚኒባስ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትነሣለች። ከመገናኛ ስትወጣ ሞልታ ነው፤ አዛውንቱም እንደ ልማዳቸው አንድ ጆሯቸውን ለሞተሩ፣ አንዱን ለተሳፋሪው ሰጥተው ይነዳሉ። መንገዱን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ በመኪናዋ ውስጥ የለም። ያም ሆኖ ከኋላ ወንበር «ወራጅ አለ!» የሚል ድምፅ ሲሰሙ ያለ ክርክር ዳር ይይዛሉ፤ መንገዱን የሚያውቀው ሹፌሩ ቢሆንም፣ የሚወርድበትን የሚያውቀው ተሳፋሪው ነውና።